ድጓ ይደገማል፤ ሳቅ ግን ይታደሳል

ያለፈውን ዘመን መናፈቅ የሰው ልቡና ባሕርይ ነው። ይህም ያለፈው ዘመን ከዛሬው ይልቅ የተመቸ ስለ ነበረ አይደለም፤ ያን ጊዜ አብረውን በልተው፥ ጠጥተውና ስቀው የነበሩት ወላጆቻችንና ባልንጀሮቻችን ዛሬ ከጎናችን ስለሌሉ ነው። ስለዚህ በወጣትነታችን ያሳቀን ጨዋታ ተመልሶ መጣ በተባለ ጊዜ ሥራችንን ትተን ለመስማት እንቸኩላለን። ሰምተን ስናበቃ ግን ብዙ ጊዜ ከአፋችን የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ እርሱም «የዱሮው ይሻል ነበር» የሚል ነው። ጨዋታው ያው፥ ተጫዋቹም ያው ሆኖ ሳለ ሳቁ ስለ ምን ጎደለ? የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ለመመርመር የተዘጋጀ ነው፤ የምንመረምርበትንም ሚዛን ከሩቅ አገር አናመጣም፤ ከላስታ ደጋ እንወስደዋለን።

ወደ ላሊበላ ለመሳለም የሄደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በልደት በዓል ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ቋጥኝ፥ ማሜ ጋራ ከሚባለው አፋፍ ላይና ከታች ካለው ቅጽር ውስጥ ቆመው፥ የላዩ ከታቹ እየተቀባበለ «ቤዛ ኵሉ»ን ይዘምራሉ። በዚያ ሰዓት ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ የመጣው ምእመን አዲስ ነገር አይጠብቅም። የመጣው አባቱና አያቱ የሰሙትን ሊሰማ ነው። አንዲት ቃል ብትለወጥ ቅር ይለዋል እንጂ ደስ አይለውም። የቅዱስ ያሬድ ድጓም እንዲሁ ነው፤ ተማሪው ዜማውን ከመምህሩ እንደ ተቀበለው አድርጎ ለተከታዩ ያደርሰው ዘንድ ግዴታ አለበት። የድጓ ክብሩ ሳይለወጥ መደገሙ ነው።

ነገር ግን በዚያው ቤተ ክርስቲያን፥ በዚያው ማኅሌት መካከል፥ በዚህ ሕግ የማይገዛ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ቅኔ ነው። ከላስታ በስተ ደቡብ፥ መቄት ከታለፈ በኋላ የሚገኘው ዋድላ፥ ከጎጃሞቹ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በቅኔ ቤትነቱ ስሙ የተጠራ አገር ነው። በዚያ የተማረ ሰው የቅኔ ልክ ከጥንት የተወሰነ መሆኑን ያውቃል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፥ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ልኩን የሳተ ወይም አገባቡን ያበላሸ እንደ ሆነ ጸያፍ ይባልበታል። ልኩ ሳይለወጥ ይኖራል፤ ቃሉና ምሥጢሩ ግን በየበዓሉ አዲስ መሆን አለበት። ባለፈው እሑድ የተቀኘውን ዛሬ የሚደግም ባለ ቅኔ ያፍራል፤ የሌላውን ቅኔ ወስዶ የራሱ የሚያስመስል ደግሞ ከሌባ ይቈጠራል። አድማጮቹ ሊቃውንትም ዝም ብለው የሚቀበሉ አይደሉም፤ ምሥጢሩ ሲገባቸው «ይበል» ይላሉ፤ ያልተገባ ሲሆንም ፊታቸው ይመሰክራል።

እንግዲህ ድጓና ቅኔ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፥ አንዱ በመደገሙ፥ ሁለተኛው ባለመደገሙ ይከበራሉ። ሳቅ ከሁለቱ ወደ ማንኛው ይጠጋል ብለን ብንጠይቅ፥ ለቅኔ የቀረበ ዘመድ ሆኖ እናገኘዋለን። ባለ ቅኔው ሰሙን እያሰማ አድማጩን በአንድ መንገድ ይመራውና ወርቁን ድንገት በሌላ በኩል ያበራለታል። ቀልደኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሰሚው ወዲህ ሲጠብቀው ወዲያ ይወጣል፤ ሳቁ የሚፈነዳው በዚያች ባልታሰበችው መታጠፊያ ላይ ነው። መታጠፊያይቱን አስቀድሞ የሚያውቃት ሰው ፈገግ ሊል ይችላል፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ግን አይስቅም።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን አንድ ታሪክ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዓለም ሲኒማ ታይቷል። በ1980 ዓ.ም. (በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1988) ፓራማውንት የተባለው የአሜሪካ የሲኒማ ማኅበር «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» የተባለ የሳቅ ፊልም አወጣ። የፊልሙ አዘጋጅ ጆን ላንዲስ፥ ዋናው ተጫዋች ኤዲ መርፊ፥ ባልንጀራው አርሴንዮ ሆል ነበሩ። ታሪኩ ዛሙንዳ በምትባል፥ በካርታ ላይ በሌለች የአፍሪካ መንግሥት የሚኖር አኪም የተባለ አልጋ ወራሽ፥ ወላጆቹ የመረጡለትን ሙሽራ አልቀበልም ብሎ፥ ለዘውዱ ሳይሆን ለራሱ የምትወደውን ሴት ፍለጋ ወደ ኒውዮርክ መሄዱን የሚናገር ነው። በቤቱ አበባ እየተነጠፈለት የኖረው ልዑል በምግብ ቤት ወለል ሲወለውል ታየ። ልዑሉ የተራውን ሰው ኑሮ አለማወቁ፥ ተራውም ሰው ልዑሉን አለማወቁ የሳቁ ምንጭ ሆነ። ፊልሙም በዓለም ዙሪያ ከ280 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አገኘ፤ በአፍሪካና በውጭ አገር በሚኖሩ አፍሪካውያን ቤት፥ የእኛም ወገኖች በሚገኙበት፥ ለብዙ ዓመታት እየተደጋገመ ሲታይ ኖረ።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ፥ የካቲት 26 ቀን 2013 ዓ.ም.፥ ተከታዩ ክፍል ወጣ። አዘጋጁ ክሬግ ብሩወር ነበረ። በዚያ ወራት የኮሮና ወረርሽኝ ብዙ ሲኒማ ቤቶችን ስላዘጋ፥ ፊልሙ ለአማዞን ተሽጦ በኢንተርኔት መስመር በየቤቱ ታየ። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ በአሜሪካ ከአንድ ቢሊዮን ደቂቃ በላይ እንደ ታየ ቈጣሪዎች አስታወቁ። የተመልካቹ ቍጥር ይህን ያህል ሲሆን፥ ከተቺዎቹ የወደደው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበረ። ሕዝቡም ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ የዱሮ ወዳጆቹን በደኅና ስላገኛቸው ተደስቶ ጉድለቱን ሁሉ ይቅር አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ ፊልሙ ሳይፈጸም «የዱሮውን መልሼ ባየው ይሻለኛል» አለ። አፍሪካውያን ከሆኑት ብዙዎች፥ በመጀመሪያው ጊዜ በደስታ ያለፉትን ነገር፥ ማለት አነጋገሩ የየትኛውም አገር ያልሆነውን፥ ልብሱና ልማዱ ከየስፍራው ተለቃቅሞ የተሰፋውን የዛሙንዳ ኑሮ፥ በዚህኛው ጊዜ አላለፉትም።

የጉድለቱ ምክንያት ምን እንደ ሆነ ሲመረመር የቅኔ መምህር የሚናገረውን ያህል ሆኖ ይገኛል። ተከታዩ ክፍል የፊተኛውን ፊቶች አንድ በአንድ ጠራቸው፤ በጠጕር አስተካካዩ ቤት የሚከራከሩትን ሽማግሎች፥ ሰባኪውን፥ ዘፋኙን፥ የምግብ ቤቱን ባለቤት ሁሉ መልሶ አመጣቸው። ተመልካቹም እያንዳንዳቸው ብቅ ባሉ ቍጥር «እነሆ እርሱ» ብሎ ደስ አለው። ነገር ግን ዘመድን በገበያ አይቶ ደስ መሰኘት አንድ ነገር ነው፤ ዘመድ ሲናገር ሰምቶ መሳቅ ሌላ ነገር ነው። ፊተኛው ፊልም ልዑሉን ወደማያውቀው አገር ሰደደው፤ ኋለኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ በቤተ መንግሥቱ አስቀመጠው። የማያውቀው ነገር ስለሌለ የሚያስቅ ስሕተትም አልተገኘለትም። በአጭሩ ቅኔውን እንደ ድጓ ደገሙት።

ሆኖም ፊልሙን ሙሉ በሙሉ የምንነቅፈው አይደለም። በውስጡ ከፊተኛው የማይገኙ ሁለት አዲስ ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም በአገራችን ሰው ጆሮ ባዕድ አይደሉም። የመጀመሪያው፥ አሮጌው ንጉሥ ሞቱ እንደ ቀረበ ባወቀ ጊዜ ለቅሶውን በሕይወቱ ሳለ እንዲደረግ ማዘዙ ነው፤ በአገራችን የቁም ተዝካር የሚያወጡ ሽማግሎችን ያየ ሰው ይህን ጨዋታ ሳይተረጐምለት ይረዳዋል። ሁለተኛው፥ የዛሙንዳ ሕግ ዘውድን ለወንድ ልጅ ብቻ ስለሚሰጥ አኪም ሦስት ሴቶች ልጆቹን ትቶ በአሜሪካ ያልታወቀ ወንድ ልጅ ፍለጋ መሄዱ፥ በመጨረሻም ሕጉን ሽሮ ለታላቂቱ ሴት ልጁ ለሚካ ወራሽነቱን መስጠቱ ነው። እነዚህ ሁለቱ የዛሬን ሰው የሚነኩ ነገሮች ናቸው፤ ፊልሙም ሕይወት የሚያገኘው በእነርሱ ላይ ሲቆም ነው። የአሮጌውን ንጉሥ ሥራ የሠራው ታላቁ ተጫዋች ጄምስ ኧርል ጆንስ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስለ ሞተ፥ ያ የቁም ለቅሶ ዛሬ ሲታይ ሳቁ ከሐዘን ጋር የተቀላቀለ ሆኗል።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ የራሳችን ጨዋታ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደ ተላለፈ እንዲመለከት እንለምነዋለን። በአማርኛ ከሁሉ የበለጠ ዕድሜ ያለው ተከታታይ ሳቅ የአለቃ ገብረ ሐና ጨዋታ ነው። አለቃ በ19ኛው መቶ ዓመት በጎንደርና በሸዋ የታወቁ ሊቅ ነበሩ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ቢሆንም፥ ሊቃውንቱ የሚያውቋቸው በአቋቋም ነው። የዝማሜውን አካሄድ አዲስ አድርገው ባወጡት ጊዜ የጎንደር ካህናት እንዳልተቀበሏቸው፥ ልጃቸው አለቃ ተክሌ ግን በደብረ ታቦር እንዳስፋፋው ይነገራል፤ ዛሬም በልጃቸው ስም የተክሌ አቋቋም እየተባለ ይኖራል። ዜማውን ሳይነኩ እንቅስቃሴውን አደሱት ማለት ነው።

የአለቃ ቀልድስ እንዴት ኖረ? እርሳቸው ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ቀልዱ ግን አላለቀም። እርሳቸው ያላዩት ዕቃ፥ እርሳቸው ያላወቁት ሹመት የተጠቀሰበት ቀልድ እንኳ በስማቸው ይነገራል። ታሪክ ጸሓፊ ይህን ሲሰማ ቅር ይለው ይሆናል፤ እኛ ግን የአለቃ ጨዋታ በሕይወት የኖረበት ምሥጢር ይኸው ነው እንላለን። ሕዝቡ የአለቃን ስምና ጠባይ እንደ ቅኔ ልክ ይዞ፥ በውስጡ የየዘመኑን ነገር እየሞላ ተቀኘበት። ማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ፥ ማንም ገንዘብ ሳያወጣ፥ ተከታዩ ክፍል በየማዕዱ ይወጣል፤ የማያስቀው በዚያው ቀን ይረሳል፥ የሚያስቀው ይቀራል። ፍርዱ የሰሚው ነው።

የመሰንቆ ጨዋታም በዚሁ ሥርዓት የሚሄድ ነው። በወሎና በላስታ ደጋ አዝማሪ በሠርግ ወይም በጠጅ ቤት ሲቀርብ ዜማው የታወቀ ነው፤ ትዝታ ወይም ባቲ፥ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ መሆኑን ሰሚው በመጀመሪያዋ ምት ይለየዋል። ግጥሙ ግን በፊቱ ስለ ተቀመጠው ሰው መሆን አለበት። ከዚህም በላይ ሰሚው ራሱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜመዋል። እንግዲህ በዚህ ቤት ተመልካች የሚባለው ሰው ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ ነው። ላሊበላ ወይም አሚና የሚባሉትም፥ ስማቸው ከቅድስቲቱ ከተማ ስም ጋር አንድ የሆነው፥ ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው ባልና ሚስት እየተቀባበሉ የሚለምኑት፥ አስቀድመው የባለ ቤቱን ስም ከጎረቤት ይጠይቃሉ። የአምናውን ውዳሴ በዘንድሮው ደጅ ቢደግሙት ምጽዋት እንደማያገኙ ያውቃሉና።

ወደ ቴአትር ስንመጣ ነገሩ ባለ ሥልጣኖችን ይበልጥ የሚመለከት ይሆናል። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአማርኛ ቴአትር መጀመሪያ የሆነውን «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜድያ» የተባለውን ጨዋታ ደርሰው በአዲስ አበባ በመኳንንቱ ፊት አሳዩ። ጨዋታው አውሬዎችን እያናገረ የአስተዳደርን ጉድለት የሚነቅፍ ስለ ነበረ ተከለከለ። ተመልካቾቹ ስቀው ነበር፤ ነገር ግን የተሳቀባቸው ራሳቸው መሆናቸውን ባወቁ ጊዜ ሳቁ ወደ ቍጣ ተለወጠ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የጠላት ገዢ ግራዚያኒ አዝማሪዎችን ከጠንቋዮች ጋር እንዲገደሉ እስከ ማዘዝ ደረሰ። ሳቅና ግጥም ዋጋ የሌለው ነገር ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሠራዊት ያለው ሰው መሰንቆ ባልፈራም ነበር።

ከነጻነት በኋላ መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ዓመታት «ያላቻ ጋብቻ» እና «ጠልፎ በኪሴ» የተባሉ ሁለት የሳቅ ቴአትሮች ደረሱ። ኋለኛው የሴት ልጅን ጠለፋ መሳለቂያ ያደረገ ነው። ደራሲው በጻፉበት ጊዜ ጸንቶ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ጠላፊው የጠለፋትን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ትቶለት ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያን ቀዳዳ ዘጋው። ስለዚህ ዛሬ ይህን ቴአትር ወደ መድረክ የሚመልስ ሰው፥ ቃሉን አንድም ሳይለውጥ ቢያቀርበው እንኳ፥ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ሌላ ነው። የያኔው ተመልካች የሳቀው ራሱ በሚያውቀው ልማድ ላይ ነበር፤ የዛሬይቱ ወጣት ተመልካች ግን በሳቁ መካከል «ይህስ በመንደራችን በእውነት ቀርቷልን?» ብላ ትጠይቃለች። ቴአትሩን የሚመልሰው ሰው ይህን ጥያቄ የሰማ እንደ ሆነ ሥራው ሕያው ይሆናል፤ ልብሱንና ጎፈሬውን ብቻ አስመስሎ ያቀረበ እንደ ሆነ ግን የሙዚየም ዕቃ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ላስታ እንመለስ። ላሊበላ ያለፉትን ዓመታት በብዙ መከራ አሳልፋለች። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ እንግዳውን አስቀረ፤ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ከተማይቱ ድረስ ገባ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አደረገው። እንግዳ ሲጠፋ ኑሮው የሚጎድልበት የሆቴሉና የአስጐብኚው ሰው ብቻ አይደለም። አዝማሪው የሚያዜምበት ሠርግና ጠጅ ቤት ይቀዘቅዛል። የቆሎ ተማሪው የሚኖረው በመንደር ሰው ቍራሽ ነውና መንደሩ ሲቸገር ተማሪው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ተማሪ የሌለው መምህርም የተማረውን ይዞ ያርፋል። ድጓው በብራና ተጽፏል፤ ተማሪ ባይኖር እንኳ መጽሐፉ ለጊዜው ይቆያል። በየበዓሉ አዲስ ሆኖ የሚወጣው ቅኔ፥ በየሠርጉ አዲስ ሆኖ የሚወጣው ቀልድ ግን አብዛኛው ያደረበት ሰው ከሌለ ማደሪያ የለውም።

እንዲህ ባለው ጊዜ አንድ ፈተና እንደሚመጣ እናስባለን። ሰላም ሲመለስ፥ እንግዳም ሲበዛ፥ ባህልን እናሳይ የሚል ሰው የዱሮውን ጨዋታ በችኰላ ሰብስቦ፥ አንድ ጊዜ አስጠንቶ፥ ለመጣው ሁሉ ያንኑ እየደጋገመ ሊያቀርብ ይፈልግ ይሆናል። የሩቅ እንግዳ ቋንቋውን ስለማያውቅ ያጨበጭባል። የላስታ ገበሬ ግን ከበስተ ኋላ ቆሞ ፈገግም አይልም፤ የሚያውቀውን ነው የሚያየው፥ እርሱንም አይነካውም። የጭብጨባው ብዛት እንዳያታልለን ከአሜሪካው ፊልም እንማር፤ ከቢሊዮን ደቂቃ በላይ መታየትና በልብ መቅረት አንድ አይደሉምና።

ስለዚህ የባህል ጕዳይ በእጃቸው ያለ ሹማምንት፥ እንዲሁም ጉባኤ የሚመሩ መምህራን፥ ሦስት ነገር እንዲያስቡ እንለምናለን። አንደኛው፥ የሽማግሎቹ ጨዋታና ቅኔ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ በድምፅና በጽሑፍ ይቀረጽ፤ ልኩን የማያውቅ ሰው አዲስ ሊሞላበት አይችልምና። ሁለተኛው፥ በበዓል የሚጠራው አዝማሪ የአምናውን እንዲደግም አይገደድ፤ የዘንድሮውን እንዲያወጣ ጊዜና ዋጋ ይሰጠው፤ ሰሚውም «ተቀበል» የሚልበት ስፍራ አይከልከል። ሦስተኛው፥ አዲሱ ቀልድ አንዳንድ ጊዜ በራሳችን ወንበር ላይ ቢያርፍ አንቈጣ። የ«ፋቡላ» ተመልካቾች የተቈጡበት ጉድለት ቴአትሩ በመከልከሉ አልተቃናም፤ ጨዋታው ግን ሊያቃና የሚችለውን ምክር ይዞ ነበር።

መጽሐፈ መክብብ ለልቅሶም ለሳቅም ጊዜ እንዳላቸው ያስተምራል። በላስታ የልቅሶው ጊዜ ረዝሟል። የሳቁ ጊዜ ሲመጣ ሕዝቡ የሚስቀው በአያቶቹ ቀልድ ብቻ እንዳይሆን፥ አያቶቹ በሰጡት ልክ የራሱን ዘመን የሚቀኝ ልጅ ዛሬ በቅኔ ቤትና በመሰንቆ ሥር መቀመጥ ይገባዋል። ያን ልጅ ማስቀመጥ ደግሞ የእኛ የአዋቂዎቹ ዕዳ ነው።